የሚመለሰው ቱቦ

ለቅሶ ቤት ስገባ ሰዎች አጠገባቸው ያለውን ክፍት ቦታ በነጠላቸው ይሸፍኑት ነበር። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ ጎኑ የተቀመጥኩበት ሰው ሳይስቅ አይነሳም። አንዴ የሟች ወንድም በገዛ እህቱ ሰልስት ላይ ንፍሮው በአፍንጫው እስኪወጣ አስቄው፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ክፍሌ «ሽመልስ፣ አንተ ከእንግዲህ ከድንኳኑ ውጭ ሆነህ አልቅስ» ብለውኛል። ትንሽ ጨምሬ ይሆናል። ንፍሮው በአፍንጫው አልወጣም። ግን ተቃርቦ ነበር።

ማጋነን አብሮኝ ያደገ ነገር ነው። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ፣ መኪና ሲገባ ሰው መውጣት ባለበት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የምነግራችሁ ነገር የተፈጸመው ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ባሉት አምስት ቀናት ነው። መሃል ላይ የሚያስቅ ነገር ካገኛችሁ መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም ያን ጊዜ ስቄበታለሁ።

ሰፈራችን ሲፈርስ እድራችን አልፈረሰም። ሰዉ ግማሹ ገላን፣ ግማሹ ሌላው የከተማ ዳር ተበተነ፤ ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ግን ድልድዩ ሥር በተከራየናት መጋዘን ቀረ። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑ ተጭኖ ከተማውን ያቋርጣል። ለዚሁ የሚሆን፣ አንድ አባላችን ያበረከቱት አሮጌ ፒክአፕ አለን። ሹፌሩ ጋሽ በለጠ ነበሩ። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ፣ የሞተር ድምፅ ሰምተው የሹፌሩን ጠባይ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ፒክአፑ አውቶማቲክ መሆኑ ያናድዳቸዋል። «ማርሹን ራሱ የማያስገባ ሹፌር ሚስቱን በሽማግሌ የሚያነጋግር ባል ነው» ይላሉ።

ማርሹን የሚቀይረው አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ነው። መኪናው ጭነት ይዞ በትራፊክ ሲንፏቀቅና ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ይግላል፤ ከልክ በላይ ከጋለ ካምቢዮውን ይዞት ይሞታል። የእኛ ፒክአፕ ዳሽቦርድ ደግሞ የሞተሩን ሙቀት እንጂ የካምቢዮውን አያሳይም። ጋሽ በለጠ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። ማክሰኞ ጠዋት ከሶማሌ ተራ አንዲት ክብ የሙቀት መለኪያ ጌጅ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ።

«ሽሜ፣ ይቺን ግጠምልኝ። ሬሳ የሚጭን መኪና መንገድ ላይ መሞት የለበትም።»

«እርስዎ ላይም አንድ እንግጠም እንዴ ጋሼ? ደም ግፊትዎ ቀይ ሲገባ ለሰፈሩ እንድንነግር።»

«ሥራህን ሥራ።»

ሥራው ከባድ አይደለም። ከካምቢዮው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው ወደ ራዲያተሩ ይደርሳሉ። በአንዱ የጋለው ዘይት ይሄዳል፤ ራዲያተሩ ውስጥ በርዶ በሌላው ይመለሳል። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር መግባት ያለበት የሚሄደው ቱቦ ላይ ነው፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለውን እውነት ይዞ የሚወጣው እሱ ነውና። የሚመለሰውማ ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ነው የሚመጣው። ለመለየት ሞተሩን አስነስቶ ሁለቱን በእጅ መንካት ነው። አንዱ ለብ ይላል። ሌላው የእናትህን ስም ያስጠራሃል።

ማክሰኞ ዕለት ስም የሚያስጠራው ላይ ገጠምኩት። ቱቦውን ቆርጬ መገጣጠሚያ አስገባሁ፣ ሴንሰሩን አሰርኩ፣ ሽቦውን ወደ ውስጥ አሳልፌ ጌጁን ከመሪው በስተቀኝ ተከልኩት። ከመቶ ሃያ በላይ ቀይ ነው። ጋሽ በለጠ መስታወቱን በመሐረባቸው ወልውለው፣ አንድ ልጅ እንደተወለደላቸው ሁሉ አዩት።

ሐሙስ ገላን ያለ አባላችን ሞቶ ድንኳኑ መሄድ ነበረበት። ጋሽ በለጠ መርፌዋ ቀይ በነካች ቁጥር ዳር ይዘው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ እስክትወርድ ጠበቁ። እንዲህ እያሉ ሦስቴ ቆሙ። ሐዘንተኛው ረፋዱን በሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት አቶ ክፍሌ ጋራዥ መጡ። ቁጣቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው የገባው።

«ሽመልስ፣ ለሰውዬው ጌጅ ነው የገጠምክላቸው ወይስ አለቃ? መርፌዋ ቀና ባለች ቁጥር ይቆማሉ።»

«ስለጋለባቸው ነው።»

«ስማኝ። እትዬ ወርቅነሽ ሌሊቱን ዐርፈዋል። ነገ በስምንት ሰዓት እዚህ አጥቢያችን፣ ባላቸው ጎን ይቀበራሉ። ከገላን የሚያመጣቸው ይኸው መኪና ነው። ሬሳ ይዞ ሦስቴ ዳር መቆም አለ? ይቺን መርፌ አንድ ነገር አድርጋት።»

«ምን ላድርጋት?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? አስተኛት።»

እትዬ ወርቅነሽ ድልድዩ አጠገብ ሻይ ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው። ሃያ ዓመት ሻይ አጠጥተውኛል፤ በቀልዴ ልክ ስኳር ይጨምሩልኝ ነበር፤ የስኳር በሽታ ቢይዘኝ ጥፋቱ የእሳቸው ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ያስገቡን ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «ስሞት ከባሌ ጎን መልሱኝ»።

ማስተኛት ደግሞ በእኛ ሙያ ያለ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶበት የሚመጣ ደንበኛ «አጥፋልኝ» ነው የሚለኝ። «ለምን በራ?» የሚል በዓመት አንድ ቢመጣ ነው። አምፖሉን ነቅዬ ወይም ጥቁር ፕላስተር ለጥፌ ሰላሙን እሰጠዋለሁ። እኔ በዕድሜዬ ያጠፋሁት መብራት ቢሰበሰብ ፒያሳን ለገና ያደምቃል።

ስለዚህ ብዙም አላሰብኩበትም። ሴንሰሩን ከሚሄደው ቱቦ ነቅዬ የሚመለሰው ላይ አሰርኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሞተሩን አስነስቼ ሳየው መርፌዋ ሰማንያ አካባቢ ሄዳ ተጋደመች። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሰዓት ጋሽ በለጠ መጡ።

«ምን ሆና ኖሯል?»

«ሴንሰሩ በደንብ አልተቀመጠም ነበር። አሁን ልብዎ እስኪጠግብ ይንዱ።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ትንሽ ቆም ብለውም፣ «ሐሙስ አፍሬ ነበር'ኮ» አሉ።

ቅዳሜ አብሬያቸው ገላን ሄድኩ፤ ሬሳ ማንሳት ጉልበት ይፈልጋል። ሳጥኑን አወጣነው፤ ግራና ቀኙን ሐሙስ የወሰድናቸውን፣ ለቤተክርስቲያኑ ግቢ የሚሆኑ ባለ ብረት እግር አግዳሚ ወንበሮች ጫንን። ጋሽ በለጠ ሁሉንም በናይሎን ገመድ አሰሩት። የእሳቸው ቋጠሮ በጭነት መኪና ዘመናቸው የተማሩት ነው፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ ከእሳቸው በቀር የሚፈታውም የለም። እኔ ሃያ ጊዜ አሳይተውኝ ሃያ ጊዜ ራሴን አስሬያለሁ።

እኔ ከፊት ከጋሽ በለጠ ጎን ተቀመጥኩ። ከኋላችን ባለው ወንበር የእትዬ ወርቅነሽ ልጅ ሰናይት የእናቷን ፎቶ በፍሬም አቅፋ ተቀመጠች። ሐዘንተኛው በአውቶቡስ ተከተለን።

መንገዱ ተጨናንቋል። እንሄዳለን፣ እንቆማለን፤ ሁለት ሜትር እንሄዳለን፣ አሥር ደቂቃ እንቆማለን። ለካምቢዮ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ለገሃር ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቸርችል ጎዳና ከታች እስከ ላይ በመኪና ተሞልቷል። ከፊታችን ያለው ዳገት ነው። መርፌዋ ሰማንያ ላይ ናት።

ዳገቱን ጀመር እንዳደረግን ጋሽ በለጠ አፍንጫቸውን አነቃነቁ።

«ሽሜ፣ ይሸትሃል?»

ይሸተኛል። ያረረ ስኳርና የተቃጠለ ጎማ ይመስላል፤ አንዴ ያሸተተው መካኒክ አይረሳውም።

«ፊታችን ያለው አይሱዙ ነው ጋሼ። ሹፌሩ ምሳውን ጭስ ማውጫው ላይ እያሞቀ ነው።»

ሰናይት ዓይኗ በእንባ እንደተሞላ ፈገግ ስትል በመስታወቱ አየኋት። ኩራት ተሰማኝ። ሬሳ ተከትላ የምትሄድ ልጅ አስቄያለሁ።

ትንሽ ሄድን። ሽታው ጨመረ።

«መርፌዋ ስንት ትላለች?» አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

«ሰማንያ።»

«ሰማንያ ከሆነ…» አሉ። እጃቸው ግን ወደ ፍሬቻው ሄደ። ሰውነታቸው ዳር መያዝ ፈልጓል። «ትንሽ ልቁም መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «ጋሼ፣ መርፌዋ ትዋሻለች፤ እኔ ነኝ ያስዋሸኋት» ማለት። በጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉንም አሰላሁት። ለስምንት ሰዓት የቀረን ሃያ ደቂቃ ነው። ቄሶቹ ቆመዋል። ልጅቱ ከኋላ አለች፤ እናቷን ካምቢዮው ባረረ መኪና እንደጫንኩ እንዴት ትሰማለች? ከላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ይታያል። እሱን ካለፍን ደረስን ማለት ነው። አደባባዩን እናልፍና ሰኞ ሴንሰሩን ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል።

«ይንዱ ጋሼ» አልኩ። «መርፌዋን እኔ እያየኋት ነው።»

እጃቸውን ከፍሬቻው መለሱ።

ከአደባባዩ በታች፣ የድንጋይ ውርወራ ያህል ሲቀረን፣ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ በለጠ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ከሥራችን ነጭ ጭስ ተነሳና መስኮቱን ሸፈነው። የፈላው ዘይት ከካምቢዮው ገንፍሎ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ እየፈሰሰ ነበር። ጭሱ ለአንድ አፍታ ነጭ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ከግራ በኩል ከሥር ብርቱካናማ ነገር አየሁ።

«ውረጂ ልጄ» አሉ ጋሽ በለጠ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ፎቶውን ይዘሽ ውረጂ።»

ወረድን። ሰው ከታክሲና ከእግረኛ መንገድ ግር ብሎ መጣ። እኔ ሮጬ ገመዱን ያዝኩ። ቋጠሮው የመንገዱን ንቅናቄ ሁሉ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ጠብቋል። ጎተትኩት፣ በጥርሴ ነከስኩት። «ቢላ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቢላ የያዘ አልነበረም። የእኔም ፒንሳ ወንበሩ ሥር፣ ጭሱ ውስጥ ነው።

«ዞር በል» አሉኝ ጋሽ በለጠ፤ ጭሱ ውስጥ ገቡ።

በቀኝ በኩል ያሉትን ሁለቱን ቋጠሮዎች እንደ ጫማ ማሰሪያ ፈቷቸው። የቀሩት ሁለቱ በግራ፣ እሳቱ ባለበት በኩል ናቸው። ሄዱ። የመጀመሪያውን ፈቱ። በመጨረሻው ላይ እሳቱ የመጫኛውን ጠርዝ ተሻግሮ ነበር፤ ገመዱም መቅለጥ ጀምሯል። ናይሎን ሲቀልጥ እንደ ማር ነው፤ የያዘውን አይለቅም። ጋሽ በለጠ ጣቶቻቸው ገመዱ ውስጥ እንዳሉ፣ ጮክ ሳይሉ፣ ቋጠሮውን እስከ መጨረሻው ፈቱት። ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልጨመርኩም። መጨመር ብችል ኖሮ ሌላ አጨራረስ እጨምርበት ነበር።

መንገደኛውና ከአውቶቡሱ የወረደው ሐዘንተኛ ሳጥኑን ስቦ አወጣው። ጎኑ ጠቆር ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። የማያውቋቸው ሰዎች እትዬ ወርቅነሽን በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ወደ ፒያሳ ወጡ፤ ሰናይት ፎቶውን ይዛ ከፊት። ሹፌሮች እሳት ማጥፊያቸውን ይዘው መጥተው መኪናውን ከመጋየት አተረፉት። ቀብሩ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የዘገየው። በኋላ ከቄሶቹ አንዱን ሳገኛቸው «እስከ ማታም ቢሆን እንጠብቃት ነበር፤ የት እንሄዳለን?» አሉኝ።

እኔ ጋሽ በለጠን በታክሲ ወደ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ሁለት እጃቸውን ከደረታቸው ከፍ አድርገው፣ ምንም እንዳይነካው ይዘውታል። ዓይኔን ወደ እጃቸው ማድረግ አልቻልኩም።

«ሽሜ።»

«አቤት ጋሼ።»

«መጨረሻ ላይ መርፌዋ ስንት ነበረች?»

«ሰማንያ።»

«ታዲያ ምን ነካው? ምን አጠፋሁ?»

የታክሲው ሹፌር እንኳ ዞር ብሎ አየኝ። ጋሽ በለጠ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የራሳቸውን ጥፋት ሲፈልጉ ሄዱ፤ ምናልባት ዘይቱ አንሶ ይሆናል፣ ምናልባት ለገሃር ላይ ማረፍ ነበረብኝ፣ ምናልባት እድሜ ነው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማኋቸው።

ሰናይት ሆስፒታል ልትጠይቃቸው መጥታ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። «ጋሽ ሽመልስ፣ ያን ቀን ስላሳቅከኝ ተባረክ» አለችኝ። «አሜን» አልኳት።

በሦስተኛው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ በለጠ ሁለት እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከፊት ተቀመጡ። የአራቱ ጣቶቻቸው ነገር እንዳበቃ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። እኔ ጎናቸው ነበርኩ።

አቶ ክፍሌ ተነሱ። «አቶ በለጠ፣ አባላት የሚሉት ግልጽ ነው። ጌጅ ተገጥሞልዎታል። ሽታ ነበረ፣ ሰናይትም ሸቶኛል ብላለች። እርስዎ ግን አልቆሙም። መርፌዋን አላዩም?»

«አይቻለሁ። ሽሜም አይቷል። ደህና ነበረች።»

«ደህና የሆነች መርፌ መኪና አታቃጥልም» አለ አንድ ሰው። ከኋላ «ዕድሜ ነው፣ ዓይንም ይደክማል» የሚል ማጉረምረም ተሰማ።

ጋሽ በለጠ አንገታቸውን ደፉ። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ አላላቸውም።

«እንግዲህ ቁልፉን ያስረክቡና ሌላ ሹፌር እንፈልግ» አሉ አቶ ክፍሌ።

«በቀኝ ኪሴ ነው» አሉ ጋሽ በለጠ። «እጄ አይገባም። አንዳችሁ አውጡልኝ።»

«ሽመልስ፣ አጠገባቸው ነህ። አውጣላቸው።»

ተነሳሁ። እኔ ስነሳ ሰው ፈገግ ማለት ይጀምራል፤ ልማድ ነው።

«ቁልፉ የሚወሰድ ከሆነ ከእኔ ነው መወሰድ ያለበት» አልኩ። «መርፌዋን ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ሴንሰሩን ከጋለው ቱቦ አውጥቼ የቀዘቀዘው ላይ ገጠምኩት። ካምቢዮው ሲቃጠል እሷ የምትለካው የበረደውን ነበር። ሽታውም ሸቶኛል። ይንዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሳቁ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። «ለጓደኛው ሲል እኮ ነው» አለች አንዲት ሴት ዓይኗን እየጠረገች። «እሳቱንም ራሱ ነው የለኮሰው» አለ ሌላው። ደግሜ ተናገርኩ። በሁለተኛው ጊዜ ድምፄ ተሰበረ፤ እሱንም የቀልዱ ክፍል አድርገው የባሰ ሳቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው።

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አቶ ክፍሌ፤ «አስተኛት» ያሉኝን አስታውሰው ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረዋል። ሁለተኛው ጋሽ በለጠ።

«የትኛው ላይ ነው ያልከው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የሚመለሰው ላይ፣ ጋሼ።»

«ዓርብ?»

«ዓርብ።»

«ከዚያ ቅዳሜ አጠገቤ ተቀመጥክ።»

«አዎ።»

ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ።

«አፍንጫዬ ነግሮኝ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «አርባ ዓመት ዋሽቶኝ አያውቅም። ላንተ ብዬ ውሸታም አደረግሁት።» ከዚያ ቀኝ ጎናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አውጣ ቁልፉን።»

አወጣሁት።

«በል ያዘው። አንተ ነህ የምትነዳው። ሬሳ ሲጫን እየመጣሁ አያለሁ።»

ማንም አልተቃወመም። እሳቸው ከፈረዱት በላይ የሚፈርድ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ፒክአፑ ሌላ ካምቢዮ ገብቶለት ተሠራ። ሴንሰሩን እኔው መለስኩት። ቱቦውን ለመለየት ሞተሩን አስነስቼ ሁለቱንም በባዶ እጄ ያዝኩ፤ የሚያቃጥለውን ከሚገባው በላይ ሳልለቅ ቆየሁ። በዚያ ዕዳዬ አልተከፈለም፤ ጠባሳው ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም።

አሁን የማስጠንቀቂያ መብራት አላስተኛም። ደንበኞቼ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ጋራዥ ሄደው ያስጠፉታል፤ ስለ እኔም «ድሮ ቀልደኛ ነበር» ይላሉ። እናንተን ግን ልለምናችሁ፤ መኪና ባይኖራችሁም። ደህና መሆናችሁን የሚነግራችሁ ነገር ካለ፣ ሙቀቱን የሚለካው ከየትኛው ቱቦ እንደሆነ ጠይቁ። እናንተም ለሰው «አይዞህ» ስትሉ ከየትኛው እየለካችሁ እንደሆነ እወቁ።

ቀብር ሲኖር ጋሽ በለጠ ይመጣሉ። ቋጠሮውን በቃል ያስተምሩኛል፣ እኔ አስራለሁ፣ ሦስቴ ያስፈቱኛል። ከዚያ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ቂም የያዙብኝ አይመስልም፤ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ አንዳንዴ በቀልዴም ፈገግ ይላሉ። ቸርችልን ስንወጣ ግን ቀልድ የለም። መርፌዋን አይቼ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

«ዘጠና አምስት ናት ጋሼ።»

እሳቸው በክርናቸው የመስኮቱን ቁልፍ ተጭነው መስታወቱን ያወርዳሉ፤ አንገታቸውን ወደ ውጭ ያወጣሉ፤ ያሸታሉ።